የሕፃናት የወተት ጥርስ እንክብካቤ፤ ከአል ሙንተዛህ እስከ ገጠር ቀበሌ

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በኳታር መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉ 250 የአራትና የአምስት ዓመት ኳታራውያን ልጆችን ጥርስ መርምሮ ነበር። ከልጆቹ መካከል 89 በመቶ ያህሉ የተበላ ጥርስ ተገኝቶባቸዋል። በአንድ ልጅ አፍ ውስጥ በአማካይ ከሰባት በላይ የወተት ጥርሶች የተቦረቦሩ፣ የተሞሉ ወይም በዚሁ ሳቢያ የተነቀሉ ሆነው ተመዝግበዋል። የወተት ጥርስ በጠቅላላው 20 ብቻ መሆኑን ላሰበ ሰው፣ ይህ ከሲሶው በላይ ማለት ነው።

ቁጥሩን አስገራሚ የሚያደርገው ኳታር ሐኪም የቸገራት አገር አለመሆኗ ነው። ክሊኒኩ ቅርብ ነው፣ መድኃኒቱ አለ፣ መንገዱ ቀና ነው። ሆኖም የአራት ዓመት ልጅ ጥርሱ እስኪያመው ድረስ ወደ ሐኪም የሚወስደው የለም፤ ባመመው ጊዜ ደግሞ ሥራው መሙላት ሳይሆን መንቀል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት በመላው ዓለም 514 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የወተት ጥርሳቸው በመበስበስ የተጎዳ መሆኑን አስፍሯል። ከዚህ የተነሳ ብዙ አገሮች ልጁ ወደ ሐኪም እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ሐኪሙን ልጁ ወዳለበት መላክን መርጠዋል። ይህ ዓይነቱ አገልግሎት በከተማ መዋዕለ ሕፃናትም ሆነ በገጠር ጤና ኬላ ሊሰጥ የሚችል ሲሆን፣ በዶሃ አል ሙንተዛህና በአካባቢዋ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው እዚሁ አብረዋቸው ያሉ፣ የራሳቸው ወይም በሞግዚትነት የሚያሳድጓቸው ልጆች ናቸው። ሁለተኛው አገር ቤት ከአያት ጋር የቀሩት ናቸው።

«ይወድቅ የለ እንዴ?»

የወተት ጥርስን ችላ የማለት ልማድ ሥሩ ግልጽ ነው። ጥርሱ በስድስትና በሰባት ዓመት መውደቅ ይጀምራል፤ እናም ለሚወድቅ ነገር ገንዘብና ጊዜ ማጥፋት ከንቱ ድካም ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የወተት ጥርስ በአብዛኛው በስድስተኛው ወር ገደማ ብቅ ይላል፤ ሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ሲሞላም 20ዎቹ ይሟላሉ። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች ታዲያ እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ በአፍ ውስጥ ይቆያሉ። በሦስት ዓመቱ የተበላ መንጋጋ ያለው ልጅ ሕመሙን ተሸክሞ የሚኖረው ለጥቂት ሳምንታት ሳይሆን ለዓመታት ነው።

ጥርሱ የሚያመው ልጅ እንደ አዋቂ «አመመኝ» ብሎ አይናገርም። በአንድ ወገን ብቻ ያኝካል፣ ጠንካራ ምግብ ይገፋል፣ ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል፣ ክብደቱ አይጨምርም። ወላጆች ይህን ሁሉ እንደ ጠባይ ይቆጥሩታል። የወተት ጥርስ ያለጊዜው ሲነቀልም ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ስለሚያዘነብሉ ቋሚው ጥርስ መውጫ ያጣል፤ ዘግይቶ ሲመጣም ተጣሞ ይወጣል። ከሥሩ መግል የያዘ የወተት ጥርስ ደግሞ ከበታቹ እየተሠራ ያለውን የቋሚ ጥርስ ልባስ ሊያበላሽ ይችላል።

መበስበሱ የሚጀምረው በአብዛኛው ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ነው። በድዱ ጫፍ አጠገብ እንደ ኖራ የነጣ መስመር ይታያል። ያ ነጭ መስመር ጥርሱ ማዕድን እያጣ መሆኑን የሚናገር ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ ሳለ ቀዳዳ ስላልተፈጠረ በፍሎራይድና በአመጋገብ ለውጥ ሊመለስ ይችላል። መስመሩ ወደ ቢጫና ቡኒ ከተለወጠ ቀዳዳው መጥቷል። እንግዲህ ከሕክምና መሣሪያ ሁሉ የሚቀድመው የልጁን የላይኛ ከንፈር በጣት ቀና አድርጎ ማየት ነው። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ በወር አንድ ጊዜ በደህና ብርሃን ማየት በቂ ነው።

ሐኪሙ ወደ ልጁ ሲሄድ

ከክሊኒክ ውጭ የሚሰጠው የጥርስ እንክብካቤ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ለሕፃን ምርመራ የተለመደው ዘዴ ጉልበት ለጉልበት ነው። እናትና መርማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያገጣጥማሉ፤ ልጁ እናቱን እያየ ከተቀመጠ በኋላ በጀርባው ተንጋሎ ጭንቅላቱን በመርማሪዋ ጭን ላይ ያሳርፋል። እናት እጆቹን ትይዛለች። ቢያለቅስም ምርመራው አይስተጓጎልም፤ እንዲያውም የሚያለቅስ ልጅ አፉ የተከፈተ ነው። ሁለት ወንበር፣ የእጅ ባትሪ፣ መስታወትና ጓንት ካለ የትኛውም ዛፍ ጥላ የምርመራ ክፍል መሆን ይችላል።

ከምርመራው ቀጥሎ የሚመጣው የፍሎራይድ ቫርኒሽ ነው። አምስት በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ የያዘ ወፍራም ቅብ ሲሆን፣ በትንሽ ብሩሽ ጥርሱ ላይ ተቀብቶ ምራቅ ሲነካው ይደርቃል። የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለተወሰነ ሰዓት ጥርሱ ቢጫ ሊመስል ይችላል፤ ወላጆች ይህ ቀድሞ ካልተነገራቸው ይደነግጣሉ። በዕለቱ ጠንካራና ትኩስ ነገር ማቆየት ይመከራል። ቅቡ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ጥርሱ ቶሎ ለሚበላ ልጅ ደግሞ እስከ አራት ጊዜ ሊደገም ይገባል፤ አንድ ጊዜ ተቀብቶ መቅረት ብዙ አይጠቅምም።

ቀዳዳ ለተፈጠረበት ጥርስ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከአፍሪካ ምድር የወጣ መሆኑ ሊነገርለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ መብራትና ውኃ በሌለበት ገጠር ለመሥራት የተጀመረው ዘዴ፣ የበሰበሰውን የጥርስ ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ ቀዳዳውን ከጥርስ ጋር በሚጣበቅ፣ ፍሎራይድም በሚያመነጭ ግላስ አዮኖመር በተባለ መሙያ መድፈን ነው። የመሰርሰሪያ ጩኸት ስለሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ማደንዘዣ መርፌ ስለማይፈልግ ለሕፃናት ይስማማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ጤና ቀንን ለአፍ ጤና በሰጠበት ወቅት ይህንኑ ዘዴ አስተዋውቆታል።

ሁለተኛው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ይባላል። ጠብታው በቀዳዳው ላይ ሲደረግ ብሩ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ፍሎራይዱ ጥርሱን ያጠነክራል፤ መበስበሱ በአብዛኛው ባለበት ይቆማል። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ሕመም የለውም። ዕዳው ግን የተበላው ቦታ ለዘለቄታው ጥቁር መሆኑ ነው። በፊት ጥርስ ላይ ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሳይነገራት የልጇ ጥርስ ጠቁሮ ያገኘች እናት ዳግመኛ ወደዚያ ባለሙያ አትመለስም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አሳይቶ ፈቃድ መጠየቅ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድን፣ ግላስ አዮኖመርንና ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቷቸዋል።

በአል ሙንተዛህና በዙሪያዋ

በኳታር የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመ ሲሆን ከ30 በላይ ጤና ማዕከላትን ያስተዳድራል። በአል ሙንተዛህ አካባቢ የሚገኘው የረውደት አል ኸይል ጤና ማዕከል ከእነዚህ አንዱ ነው። ኮርፖሬሽኑ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የሚያካሂደው የትምህርት ቤቶችና የመዋዕለ ሕፃናት የአፍ ጤና መርሐ ግብር «አስናኒ» ይባላል፤ በዐረብኛ «ጥርሶቼ» ማለት ነው። የጥርስ ባለሙያዎች ወደ ልጆቹ መዋያ ሄደው ይመረምራሉ፣ የፍሎራይድ ቅብ ይቀባሉ፣ አቦራረሽ ያስተምራሉ፤ ተጨማሪ ሕክምና የሚያስፈልገውን ልጅ ወደ ጤና ማዕከል ይልካሉ።

ከዚህ በፊት ከወላጅ የሚጠበቅ አንድ ወረቀት አለ። የፈቃድ ቅጽ ሳይፈረም ለልጁ ቅብ አይደረግለትም። ቅጹ ከልጁ ቦርሳ ሥር ተጨማድዶ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ዐረብኛም ሆነ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግረው ወላጅ «ምን እንደሆነ እንጃ» ብሎ ሳይፈርም ይመልሰዋል። የመዋዕለ ሕፃናቱን መምህርት ጠይቆ መረዳትና መፈረም ለልጁ ነጻ የመከላከያ አገልግሎት መክፈት ነው። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት የማይውል ከሆነ ደግሞ የጤና ካርድ ይዞ በተመዘገቡበት ጤና ማዕከል ቀጠሮ መጠየቅ ይቻላል፤ የኮርፖሬሽኑ የጥሪ ማዕከል ቁጥር 107 ነው። ክፍያው እንደ አገልግሎቱ ዓይነትና እንደ ታካሚው ሁኔታ ስለሚለያይ ቀጠሮ ሲያዝ መጠየቅ ይበጃል።

በዶሃ ቤቶች ውስጥ ከሕፃናት ጋር የሚውሉና የሚያድሩ ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው። ጡጦውን የምታዘጋጀው፣ ልጁን የምታስተኛው፣ ጥርሱን የምትቦርሽለት ሞግዚት ናት። ውሳኔው ግን የእርሷ ብቻ አይደለም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ልጅን ጣፋጭ ወተት ወይም ጭማቂ የያዘ ጡጦ አፉ ላይ አድርጎ ማስተኛት ለጥርስ መበስበስ ዋነኛ መንስኤ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ስኳሩ ከጥርሱ ላይ የሚያጥበው ሳያገኝ ያድራል። ይህን የምታውቅ ሞግዚት ጡጦውን በራሷ ፈቃድ ብትከለክል ልጁ ያለቅሳል፣ እናቲቱም ትቆጣለች። ከመከልከል ይልቅ ማሳየት ይሻላል። የልጁን ከንፈር ቀና አድርጋ ነጩን መስመር ለእናቱ ብታሳይ፣ ዐረብኛዋ ባይሞላ እንኳ «ተሰውስ» የሚለው ቃል ብቻውን ይበቃል፤ የጥርስ መበላት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሌሊቱን ጡጦ ቀስ በቀስ በውኃ እየቀጠኑ ወደ ንጹሕ ውኃ ማሸጋገር በሁለቱ ስምምነት የሚሆን ነገር ነው።

ቴምርም የራሱ ነገር አለው። ምግብነቱ የታወቀ ቢሆንም ተጣባቂና ጣፋጭ በመሆኑ በየሰዓቱ አንድ አንድ እየተባለ ለሕፃን ሲሰጥ ጥርሱ ቀኑን ሙሉ ከስኳር አይላቀቅም። ዋናው ነገር ከመጠኑ ይልቅ የድግግሞሹ ብዛት ነው፤ ሦስት ፍሬ ከምሳ ጋር መብላት ሦስቱን በሦስት ሰዓት ልዩነት ከመብላት የተሻለ ነው። የዶሃ የቧንቧ ውኃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። ጨውን የማጥራት ሂደት አብዛኛውን ፍሎራይድ ስለሚያስወግድ ልጁ ፍሎራይድ የሚያገኘው በዋናነት ከጥርስ ሳሙናው ነው።

የሞግዚቷ የራሷ ጥርስስ? ጥርስን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ከአሳዳጊ ወደ ሕፃን በምራቅ ይተላለፋሉ፤ ማንኪያ ቀምሶ መስጠት፣ የወደቀ የጡት ጫፍ መሰል ጎማ በአፍ አጥቦ መመለስ የተለመዱ መንገዶች ናቸው። ስለዚህ የተበላ ጥርስ ያላት ሞግዚት መታከሟ ለልጁም ጥቅም ነው። የኳታር የቤት ውስጥ ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15/2017 አሠሪው ለሠራተኛው ተገቢውን የጤና እንክብካቤና መድኃኒት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህን ለአሠሪ ሲያስረዱ የልጁን ጥቅም አያይዞ መናገሩ አብዛኛውን ጊዜ ጆሮ ያገኛል።

ጤና ኬላና ኦ ክፍል

ወደ ኢትዮጵያ ገጠር ሲሻገሩ ነገሩ ይለወጣል። የጥርስ ሐኪሞች በአብዛኛው በአዲስ አበባና በትላልቅ ከተሞች ተወስነዋል። በገጠር ያለች እናት ልጇ ጥርሱን ቢያመው ያላት ምርጫ ቀን ሙሉ ተጉዞ ሆስፒታል መድረስ ወይም መታገሥ ነው፤ ብዙዎቹ ይታገሣሉ።

ይሁን እንጂ ገጠሩ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 5,000 ያህል ነዋሪ ላለው ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲኖሩ ታስቦ የተዘረጋ ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከያዛቸው 16 ፓኬጆች አንዱ የግል ንጽሕና ነበር። ጥርስን ማጽዳት ከዚህ ሥር በቀጥታ ይገባል። ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ሕፃናትን በስም ያውቃሉ፣ የክትባት ቀናቸውን ይከታተላሉ። ልጅ በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣ የመጀመሪያ ጥርሶቹ ወጥተዋል፤ በ15ኛው ወር ለሁለተኛው ሲመለስ የፊት ጥርሶቹ ሁሉ አሉ። ክንዱን የምትይዘው ሠራተኛ ከንፈሩንም ቀና አድርጋ ብታይ የሚጨምርባት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ከሁሉ የሚገጥመው ግን የቫይታሚን ኤ እደላ ነው። ከስድስት ወር እስከ 59 ወር ያሉ ልጆች በየስድስት ወሩ ጠብታውን ይወስዳሉ፤ ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዘመቻ መልክ በመላ አገሪቱ ሲካሄድ ቆይቷል። የፍሎራይድ ቅብም የሚደገመው በየስድስት ወሩ ነው፤ የሚያስፈልገው ዕድሜም ያው ነው። ሁለቱን በአንድ ቀንና በአንድ ወረፋ ማድረግ ገጠር ለሚገኙ ሕፃናት ከሚታሰቡት መንገዶች ሁሉ ወጪው ዝቅተኛ የሆነው ሳይሆን አይቀርም። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት ኦ ክፍሎችም ሌላ በር ናቸው። መምህርት ከቁርስ በኋላ ልጆችን በሰልፍ አቁማ የምታስቦርሽበት አሠራር በስኮትላንድ መዋዕለ ሕፃናት የአገር አቀፍ መርሐ ግብር አካል ሆኖ ሲሠራ ቆይቷል። የሚያስፈልገው ውኃ፣ ስም የተጻፈበት ብሩሽና የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ነው።

በስምጥ ሸለቆ ለሚገኙ አካባቢዎች ግን የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ አካባቢና በሌሎችም ቦታዎች የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውኃ የሚጠጡ መንደሮች አሉ። በዚያ ያደጉ ልጆች ቋሚ ጥርሳቸው ቡኒ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል። ይህ ከውኃው የመጣ እንጂ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ቢቦርሹትም አይለቅም። ልጅን «ጥርስህን አትፋቅም» እያሉ ማሳፈር ያለበደል መቅጣት ነው።

ግግ

በገጠር ሕፃናት አፍ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ከባዱ ከስኳር የሚመጣው አይደለም። ልጅ ከአራት ወር እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያተኩሰው አንዳንድ ቤተሰብ ድዱን ያያል። ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ ድዱ አበጥ ብሎ ነጣ ያለ ሆኖ ይገኛል። «ግግ ወጥቶበታል» ይባላል። የባህል ሐኪም ተጠርቶ ድዱን በምላጭ፣ በጋለ መርፌ ወይም በጥፍር ከፍቶ ከውስጥ ለስላሳ ነጭ ነገር ያወጣል፤ «ትሉ ይኸው» ብሎ ያሳያል።

ያ ነጭ ነገር ትል አይደለም። ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ እንቡጥ ነው። ድዱም ያበጠው ጥርሱ ከሥሩ እያደገ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ጤናማ ልጅ ሁሉ ድዱ እንደዚያው ነው። ተቅማጡና ትኩሳቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ልጁ ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያ የሚያልቅበት፣ መዳህ የሚጀምርበት፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት፣ ከጡት ሌላ ምግብ የሚቀምስበት ወቅት ይኸው ነው። ጥርስና ተቅማጥ በአንድ ጊዜ ስለመጡ አንዱ የሌላው ምክንያት ተደርጎ ተወሰደ። ልማዱ የቆመው በክፋት ላይ ሳይሆን በዚህ መገጣጠም ላይ ነው፤ ልጁ ከተነቀለለት በኋላ ተቅማጡ በራሱ ጊዜ ሲቆም ደግሞ ሐኪሙ ይመሰገናል።

ጉዳቱ ወዲያው ሊመጣ ይችላል፦ የማይቆም ደም፣ ቴታነስ፣ ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽን፣ በአንድ ምላጭ የሚተላለፍ ኤች.አይ.ቪ. ቀድሞውኑ በተቅማጥ ውኃ ያጣ ሕፃን ትንሽ ደም እንኳ ሲፈሰው ሊሞት ይችላል። የተረፈውም ልጅ ዓመታት ቆይቶ ቋሚ ክራንቻው ቅርጹ ተበላሽቶ ወይም ጨርሶ ሳይወጣ ይቀራል። ድርጊቱ በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ አገሮች የሚታወቅ ሲሆን፣ ከሕዝቡ ጋርም ይሰደዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 በእስራኤል የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተ እስራኤል ልጆች ላይ የጎደሉ የወተት ክራንቻዎችንና ተያያዥ የጥርስ ችግሮችን መዝግቧል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው ብሔራዊ ኮሚቴ፣ በኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የሆነው፣ እንጥል ማስቆረጥንና የወተት ጥርስ ማስነቀልን ከግርዛትና ከያለዕድሜ ጋብቻ ጋር አያይዞ ሲያስተምር ቆይቷል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 እና 562 በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሕፃናትን ሕይወትና አካል መጉዳትን ያስቀጣል። ሕጉ ግን ሌሊት ልጁ ሲያስቀምጠው ለምትጨነቅ አያት ምን ታድርግ አይልም። መልሱ በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ አለ፦ ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ። ዚንኩ ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊግራም ሆኖ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ጡት ማጥባቱ አይቋረጥም። ዓይኑ የሰረጎደ፣ መጠጣት ያልቻለ፣ ደም የሚያስቀምጠው ወይም እጅግ የደከመ ልጅ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

እዚህ ላይ በዶሃ ያለችው እናት ሩቅ ብትሆንም ድምፅ አላት። ልጇን ከእናቷ ዘንድ ትታ የመጣች፣ ለሕክምናውም ገንዘብ የምትልክ እርሷ ናት። «እማዬ፣ ግጉን እንዳታስወጪው፤ መጀመሪያ ጤና ኬላ ውሰጂልኝ» የሚል ቃል ልጁ ከመታመሙ በፊት፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ቢነገር ይሻላል። ሕመሙ ከመጣ በኋላ በስልክ የሚደረግ ክርክር አያትን ጥፋተኛ ያደርጋል፤ ጎረቤትም ከአያት ጋር ይቆማል።

ከንፈሩን ቀና አድርጎ የማየት ሌላ ምክንያት

በአነስተኛ ቁጥር የሚከሰት፣ ነገር ግን ቶሎ የሚገድል ሌላ በሽታ አለ። ኖማ ይባላል። በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ በቅርቡ ኩፍኝ ወይም ወባ ያጠቃቸው፣ በአብዛኛው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል። ከድድ ቁስል ይጀምርና በቀናት ውስጥ የጉንጭን ሥጋና አጥንት ይበላል። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል፤ የተረፉት ፊታቸው ተጎድቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ኖማን ትኩረት የተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ኢትዮጵያ በሽታው ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ፕሮጀክት ሐረር የተባለው ድርጅት በፊት ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን የገጠር ሕሙማን ፈልጎ ወደ ሕክምና ሲያደርስ ቆይቷል። በመጀመሪያው ደረጃ፣ ድዱ ሲደማና አፉ ክፉ ሽታ ሲያመጣ፣ በተራ አንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በተመጣጠነ ምግብ ሊገታ ይችላል። ይህን ደረጃ የሚያየው አፉን የከፈተ ሰው ብቻ ነው።

ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ

ወደ አገር ቤት ከሚላከው ዕቃ መካከል ከረሜላና ቸኮሌት ቦታ አያጡም። በእነሱ ምትክ ወይም ቢያንስ ከጎናቸው ለሕፃናት የሚሆን ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ቢገባ ክብደቱ አይሰማም። በሳሙናው ላይ የተጻፈውን የፍሎራይድ መጠን ማየት ያስፈልጋል፤ ቢያንስ 1,000 ፒ.ፒ.ኤም. መሆን አለበት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል በቀን ሁለት ጊዜ በቂ ነው። የሌሊቱ አይቅር። ልጁ አረፋውን ይትፋ እንጂ በብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ እንዲቆይ ነው። ልጅ ራሱ እንዲቦርሽ መተው ደስ የሚል ቢሆንም እስከ ሰባት ዓመት ገደማ እጁ ስለማይጠነክር አዋቂ ይጨርስለት። ቤተሰቡ ውኃው ፍሎራይድ በሚበዛበት የስምጥ ሸለቆ መንደር የሚኖር ከሆነ ሳሙናውን ከመላክ በፊት የአካባቢውን የጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

የወይራና የክትክታ መፋቂያ ያደገበትን ቤት ብሩሽ ስለገባ ብቻ መናቅ አያስፈልግም። መፋቂያ ለአዋቂ ጥሩ የጽዳት መሣሪያ ነው፤ በኳታር ገበያ የሚሸጠው ሚስዋክም የዚሁ ዘመድ ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ጠንካራው እንጨት ድዱን ያቆስላል፤ ፍሎራይድም የለውም። አያት መፋቂያዋን ይዛ፣ ልጁ ብሩሹን ይዞ ጎን ለጎን ቢቆሙ ግን ልጁ ከማየት ይማራል።

ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከኋለኛዎቹ የወተት መንጋጋዎች ጀርባ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ አዲስ መንጋጋ በጸጥታ ይወጣል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ መስሎት ቢበላም ዝም ይለዋል። ይህ ግን የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነው፤ ከወለቀ ሌላ አይተካውም። በላዩ ያሉት ጎድጓዳ መስመሮች ምግብ ስለሚይዙ እንደወጣ በመሸፈኛ ቅብ ቢደፈኑ መልካም ነው። በዶሃ ይህ አገልግሎት በጥርስ ክሊኒኮች የሚሰጥ ሲሆን፣ ልጅ ስድስት ዓመት ሲደፍን ቀጠሮ መያዝ ይቻላል።